ስም ያልወጣላት መኪና

ኢንጅባራ፣ ሰኔ 2 ቀን 2007፣ ማክሰኞ

ይህ የሜላት የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተር ነው። ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ደብተሯ ግን ግማሹ ባዶውን ቀርቶ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ንጹሕ ወረቀት አይጥ ከሚበላው እኔ ላውራበት ብዬ ነው። ቤት ውስጥ የሚያወራኝ ካጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ካላወራሁ ያመኛል።

እንደ ደንቡ ራሴን ላስተዋውቅ፦ የምሥራች እባላለሁ። ዕድሜ አርባ ስድስት፣ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ያጠናቀቀች፣ ሥራ ኳስ ቤት። በዚህ ከተማ ሴት ሆና ዲኤስቲቪ የምታሳይ ከኔ ሌላ ካለች ትምጣና ትከራከረኝ። አሥራ አራት አግዳሚ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ አንድ ጄኔሬተር አለኝ። ችግሩ የፈረንጅ ኳስ ተዘግቷል፤ እስከ ነሐሴ የለም። ዛሬ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ድመቷ ብቻ ናት፣ እሷም ተኝታ።

ባለቤቴ ደረሰ ደህና ነው። ከጓዳ አይወጣም እንጂ ደህና ነው። እግሩ ገና ነው።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ዛሬማ ጉድ ሆነ!

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሰው የለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ ሪሞቱን ዝም ብዬ እጫናለሁ። አንዱ ቻናል ላይ መኪኖች መጡ። ከመሬት የተጣበቁ፣ ጎማቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ፣ እንደ ተቆጣ ንብ የሚጮሁ። ልቀይረው ስል ከኋላዬ «ተይው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ደረሰ ነው። ክራንቹን ይዞ ከጓዳው በር ቆሟል። ከሚያዝያ ወዲህ ወደዚህ ክፍል ብቅ ብሎ አያውቅም። መጥቶ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ድመቷን ገፋ አደረጋትና ሁለት ሰዓት ሙሉ አየ። መሀል ላይ አንዱ መኪና ገባና ሰዎች ከበቡት፣ ወዲያው ወጣ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ጎማ ቀየሩለት።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም። ሦስት ሰከንድ አይሞላም» አለና ፈገግ አለ። ፈገግ አለ ነው የምለው! «የኛ ጎሚስታ ክሪኩን ፈልጎ እስኪያገኝ እነዚህ ሃምሳ ዙር ይዞራሉ።»

ብርማዋ መኪና አሸነፈች። ግድ የለኝም። በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ቃል በላይ የተናገረው ዛሬ ነው።

ለቤቱም ጥሩ ሐሳብ ነው። ክረምቱን በዚህ ይሞላል። ለቤቱ ብዬ ነው።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

የሆነውን ላስፍር፤ ደብተር ደግሞ ሁሉን ማወቅ አለበት። ሚያዝያ 8 ቀን ጠዋት ደረሰ ከቡሬ በቆሎ ጭኖ ሲመጣ፣ ጥሊሊን አልፎ ካለው መታጠፊያ ላይ ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ ዳማ ፈረስ ብቅ አለበት። አይሱዙው ተጋደመ፣ የሱ እግር ተሰበረ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ፈረሱ ግን ሞተ። ሽማግሌዎች ገብተው ከባለፈረሱ ጋር ታርቋል፣ አልቋል። ግን እዚህ አገር ፈረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረሰ የአገው ልጅ ነው፣ አባቱ ፈረሰኛ ነበሩ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ፈረስ ለኔ ያው ፈረስ ነው።

ያን ጠዋት ስልክ ደውዬለት ነበር። እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሰኔ 19፣ ዓርብ

ሜላት ደወለች። ስለ መኪናው ውድድር ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው። «እማዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ተመልካቹን እየጠየቁ ነው እኮ፤ ውድድሩ እንዴት ይጣፍጥ፣ ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ እያሉ። አንቺ ሐሳብ አይጠፋሽ። ጻፊው፣ ተርጉሜ እልክልሻለሁ።»

ሐሳብ! ለኔ! ዘይት ቤት መጥተው ዘይት አለሽ ወይ እንደማለት ነው።

ሰኔ 28፣ እሑድ

ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ገባ። በዝናብ ተሳፋሪ ስለሌለ ባለባጃጆቹ ናቸው፤ አለቃቸው ክንዴ ነው፣ አፉ ከባጃጁ የሚፈጥን።

ገና እንደተቀመጠ «እትዬ የምሥራች፣ ይሄ እኮ የኛ የባጃጅ ተራ ነው!» አለ። «ሁሉም ይዞራል፣ ማንም የትም አይሄድም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሳስበው ነገሩ እውነት ነው። መኪናው ብረት ነው፣ ሰውዬው ራሱን በቆብ ሸፍኗል፣ ማን ለማን ይጩህ? ያኔ ነው ሐሳቡ ዱብ ያለልኝ። የዚህ አገር ፈረሰኛ የፈረስ ስም አለው፤ በሜዳ ሲወጣ እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም፣ አባ እንትና ነው የሚባለው። ለመኪኖቹ የፈረስ ስም እናውጣ አልኩ። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ! ብርማዋን «አባ ብልጭታ» አልናት። ቀይዋን «አባ ፍም»። ጥቁሯን፣ በየውድድሩ መሀል ላይ ጢሷ ወጥቶ የምትቆመውን፣ እኔ ራሴ «አባ ናዳ» አልኳት፤ ስሙ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አፌ ላይ ደስ አለኝ። ሰማያዊዋን «አባ ጉም» ብዬ ጀምሬ ነበር። የደረሰን ፊት አየሁትና «አይ፣ አባ ሰማይ ትሁን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ! ክንዴ አግዳሚው ላይ ወጥቶ «አባ ናዳ! አባ ናዳ! ኧረ ጢሱ ወጣ! በገመድ ጎትቱት!» ይላል። ደረሰም እየሳቀ ነበር፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ግን አይቼዋለሁ።

አንድ ብቻ ያናደደኝ፦ መኪና ሲጋጭ ጣራዋ ላይ መብራት ያላት አንዲት መኪና ትገባለች። ደረሰ ሴፍቲ ካር ትባላለች አለኝ። ሁሉም ከኋላዋ ይሰለፋል፣ ማለፍ ክልክል ነው። እንደ ለቅሶ ሰልፍ ቀስ፣ ቀስ። ክንዴ «ለሷስ ስም አናወጣም?» ሲል «ለቀርፋፋ ስም አይባክንም!» አልኩት።

እስካሁን ለሜላት ያዘጋጀሁት፦ አንደኛ፣ የፈረስ ስም ይውጣላቸው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ያሸነፈ በሚቀጥለው ከኋላ ይነሳ፣ አሁንማ አንዱ ብቻ ሁልጊዜ እየቀደመ ሰው ሊተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ያቺ ቀርፋፋ መኪና ትቅር። ክንዴ አራተኛ ጨምሯል፦ ሦስት ሦስት ተሳፋሪ ይጫኑ፤ በመልስ ሳንቲም ይጣሉ።

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

የአይሱዙው ባለቤት አቶ በዛብህ መጡ። መኪናው ተሠርቶ ግቢያቸው ቆሟል። ደረሰ ጓዳ ነበር፤ እንደሰማቸው በጓሮ በር ወጣ።

«ደረሰ እንዴት ነው?»

«እግሩ ገና ነው» አልኳቸው።

«ትናንት ከወንዝ ሁለት ጀሪካን ውኃ ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ፣ የምሥራች።»

«ውኃ ሌላ፣ ፍሬን መርገጥ ሌላ» አልኩ። ምን ልበላቸው? ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ አልተከራከሩም። እስከ አዲስ ዓመት እጠብቀዋለሁ፣ ከዚያ ግን ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የያዘ ሰው ሌላ ሥራ አያውቅም። ሌላ ሥራ ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ራሱን አያውቅም።

ከሄዱ በኋላ ደረሰ ተመለሰ። ማን እንደነበር አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሽሮ በላን።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

ገበያ ስውል ጎረቤቴ ይታይሽ ጎትታ ያዘችኝ። «አንቺ ሴት፣ ምን አድርገሻል? አባ ናዳ ተቆጥተዋል፣ ሊመጡብሽ ነው እየተባለ ነው!»

«መኪናዋ?»

«ምን መኪና! አያ ይሄነው ናቸዋ! የፈረስ ስማቸው አባ ናዳ ነው። እሳቸው በሚያልፉበት ክንዴ ‹አባ ናዳ በገመድ ተጎተተ› እያለ ይጮሃል!»

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ይሄነው በፈረሰኞቹ ማኅበር ከሁሉ የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥር ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ሲደርስ እሳቸው ሳይቀድሙ ማንም ሜዳ አይገባም። ስሙ አፌ ላይ የጣፈጠኝ ለካ ስሰማው ኖሬ ነው! ሃያ አራት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ ሳልጠይቅ የሰው ስም አንስቼ ለሚቆም መኪና መስጠት። እኔን ነው መጎተት።

ለደረሰ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ስለ ፈረሱ ነው የሚመጡት» አለ።

«ስለ ስሙ ነው እንጂ! የምን ፈረስ?»

«ስለ ፈረሱ ነው» ብሎ ጓዳ ገባ።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

መጡ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል በሩ ላይ ዱላቸው ኳ አለ። ጋቢ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው፤ ሰማንያ ዓመታቸው ነው ቢሉኝ አላምንም። ቤቱ ሁሉ ተነሳ። ክንዴ ከአግዳሚ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው።

«አባ ናዳ ማነው?» አሉ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እሳቸው ዱላቸውን ወደ ደረታቸው አዞሩ።

«እኔ ነኝ። በዚህ ስም ሃምሳ ዓመት ጋልቤበታለሁ። አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆምኩም፣ በገመድም አልተጎተትኩም።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አያ፣ ባለማወቅ ነው፤ ይማሩኝ። ስሙን ዛሬውኑ እፍቀዋለሁ!»

«ተነሽ። የፈረስ ስም አይፋቅም። አንዴ ከወጣ ወጥቷል። ስሜን ይዞ የሚሮጠውን አሳዪኝ፤ ካሳፈረኝ ያኔ እንነጋገራለን።»

ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ደረሰ አጠገብ ተቀመጡ። ደረሰ እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ውድድሩ ተጀመረ፤ እሳቸውም ጀመሩ።

«ፊታቸው የት አለ? የፈራውን ከደፋሩ በምን ልለይ?» (ይሄ አምስተኛ ሐሳብ ሆኖ ተመዝግቧል፦ ፊታቸው ይታይ።)

«ሳይፎክሩ ነው የሚጀምሩት? ወንድ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ሜዳ ይገባል?» (ስድስተኛ፦ ከመነሳታቸው በፊት ይፎክሩ።)

«እናቶቹስ፣ ሚስቶቹስ የት ናቸው? ያለ እልልታ ማን ይሮጣል?» (ሰባተኛ። ይሄኛውን በጣም ወድጄዋለሁ።)

ደረሰ ቀስ እያለ ማስረዳት ጀመረ። መታጠፊያ ላይ መቼ ፍሬን እንደሚያዝ፣ ዘግይቶ የያዘ ለምን ወጥቶ እንደሚቀር፣ ጎማ ሲሞቅና ሲበርድ። በሦስት ወር ያልተናገረውን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ አያ ይሄነው በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም በአገውኛ መለሰ። እኔ ከሃያ አራት ዓመት በኋላም አገውኛ ብሰማ ከሦስት አንዱን ነው፣ ዝቅ ብለው ሲያወሩማ ምንም። ሁለት ቃል ብቻ ለየሁ፦ «ፍሬን» እና «ጥሊሊ»። ደጋግሞ፣ ፍሬን፣ ጥሊሊ፣ ፍሬን። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አያ ይሄነው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

ክንዴ ዞር ሊል ሲል ድምፁን ጨመርኩት። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። መኪኖቹ ጮኹ።

በመሀል አደጋ ደረሰና ያቺ ቀርፋፋ መኪና ገባች። «ይቺስ ስሟ ማነው?» አሉ።

«ስም አላወጣሁላትም፣ አያ። ቀርፋፋ ናት።»

«ይሄ ሁሉ ጀግና ከኋላዋ ተሰልፎ፣ የምትመራው እሷ ሆና፣ ስም የላትም?»



ደግሞ ተአምሩን ስሙ! ዛሬ ቀይዋ አሸነፈች፣ ጥቁሯ ደግሞ ሳትቆም፣ ጢሷ ሳይወጣ እስከ መጨረሻው ደረሰች። አያ ይሄነው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱና «የስሙን ባለቤት ስላየ ነው» አሉ። «እሑድ እሑድ እየመጣሁ ልጠብቀው ይገባል።»

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

ሌሊቱን ሙሉ በደህና ተኛ። እኔ ነኝ ያልተኛሁት።

ጠዋት «ምን አወራችሁ?» አልኩት።

«ስለ ፈረስ።»

«ስለ ፈረስ ምን?»

«ልጅ ሆነው ከፈረስ ጋር ገደል ገብተው፣ ፈረሱ ሞቶ እሳቸው ተርፈው ነበር። ከዚያ አባታቸው ሌላ ፈረስ አምጥተው፣ እንዳትወጣበት፣ አንድ ወር በእግርህ እየሄድክ ሳበው አሏቸው።» ከዚያ «አንቺን አልወቀስኩም፣ የምሥራች» አለ።

ምን ለማለት ነው? ማን ወቀሰ አለ? እኔ ምን አድርጌ?

እሺ፣ ልጻፈው። ማንም አያነበውም። ያን ጠዋት ጄኔሬተሩ ቤንዚን ጨርሶ፣ ማታ ትልቅ ጨዋታ ነበርና ደወልኩለት። ጉም ነው፣ ቀስ እያልኩ ነው አለኝ። እኔም «ቶሎ ና! ፍሬን የሚባል ነገር እንዳትነካ!» አልኩት። ቀልዴን ነበር። እሱም ስቆ ስልኩን ዘጋ። ቀልዴን ነበር እኮ። ፍጥነት ስለምወድ ነው፤ ልጅ ሆኜም ከወንድሞቼ ጋር ስሮጥ መቅደም ነበር የምወደው።

ከዚህ ሌላ የተባባልነው ነገር የለም።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ደረሰ የለም። በእግሩ ወደ አቶ በዛብህ ግቢ ሄዷል፤ ክራንቹ በር ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ይታይሽ «ባልሽ መኪናውን ሲያጥብ አየሁት» አለችኝ። ያጥብ። መታጠቡ ጥሩ ነው። እግሩ ገና ነው።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

የመኪናው ውድድር ዕረፍት ላይ ነው፤ ፈረንጆችም ክረምት ያርፋሉ ለካ። ፍልሰታም ነው፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ደረሰ ግን በየቀኑ ይሄዳል። አያ ይሄነውም በዱላቸው ይሄዳሉ። አቶ በዛብህ በስልክ ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፦ «ምን እንደሚያደርጉ አልገባኝም፣ የምሥራች። ማርሹን ነጻ ያደርጉና መኪናዬን እየገፉ ግቢዬን ያዞሯታል። ሞተር አያስነሱም። እንደ ፈረስ በእግር እየሳቧት ነው።»

እኔ ገብቶኛል። አልነገርኳቸውም።

«አዲስ ዓመት ግን ደርሷል» አሉኝ፤ ያንንም አልረሱ።

ነሐሴ 17፣ እሑድ

ኳስ ተመለሰ፣ ዛሬ ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት ኳስም ውድድርም ሆነ። ቴሌቪዥኔ አንድ። ልጆቹ «እትዬ፣ ኳስ ነው! የቤቱ ስም ኳስ ቤት ነው!» ብለው አበዱ። እውነታቸውን ነው። ደረሰ ተነስቶ ወደ ጓዳ መሄድ ጀመረ።

አያ ይሄነው ከፊተኛው አግዳሚ ሳይነሱ፣ ሳይዞሩ፣ ዱላቸውን ብቻ መሬት መታ አደረጉና «አባ ናዳ ሳይሮጥ ማን ይሮጣል?» አሉ።

አለቀ። ከሃያው አሥራ አምስቱ ቀረ። አምስቱ ሌላ ኳስ ቤት ሄዱ፣ ይሂዱ። እንዲያውም ክንዴ ኳሱን ትቶ ቀረ፤ ይሄ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ስሰድበው ኖሬ ዛሬ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ስምንተኛ ሐሳብ አግኝቻለሁ፦ ሾፌሩ ጎማውን ራሱ ይቀይር፣ በክሪክ። ያኔ እናያለን ማን ወንድ እንደሆነ።

ሜላት «እማዬ መቼ ነው የምትጨርሺው? ልላከው እንጂ» ትለኛለች። ቆይ እንጂ፣ ሐሳብ በደንብ መብሰል አለበት።

ጳጉሜን 1፣ እሑድ

ውድድሩ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ አያ ይሄነው ተቀምጠው ቀሩ።

«ደረሰ» አሉ፣ ዛሬ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ነው መሰለኝ። «የእህቴ ልጅ ከጥሊሊ ውርንጭላ ሰጥቶኛል። ለጥር የማሠለጥነው። በእግሬ ሄጄ እንዳላመጣው ጉልበቴ ከዳኝ። በመኪና ይምጣልኝ። ረቡዕ።»

ደረሰ መሬት መሬት አየ። «አያ፣ እግሬ…»

«እግርህን አልጠየቅኩህም።»

«ሌላ ሹፌር አለ። ጎበዝ ሹፌር።»

«ብዙ አለ። ሌላ ሹፌር ግን ፈረሴን አይነካም።» ተነስተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደኔ ዞረው «አንቺም ትመጫለሽ። ያለ ሚስት ማን ይሮጣል ብዬሽ የለ» አሉ።

ደረሰ እራት አልበላም። እኔ ሁለት ሰው የሚበቃውን በላሁ፤ ሲጨንቀኝ እበላለሁ።

ጳጉሜን 4፣ ረቡዕ



ሄድን። ስንሄድ መኪናውን አቶ በዛብህ ራሳቸው ነዱት፤ ጥሊሊ ሲደርሱ ወርደው ቁልፉን ለደረሰ ሰጡት፣ እሳቸው በሚኒባስ ተመለሱ። ሽማግሌው ከሳቸው ጋር አስቀድመው እንደተነጋገሩ ገባኝ።

ውርንጭላው ከበረት ወጣ። ዳማ ነው፣ እንደዚያኛው ፈረስ። ደረሰ አየው፣ እኔም አየሁት። ሸራ አንጥፈው፣ በገመድ ግራና ቀኝ አስረው ስፖንዳውን ዘጉበት። ጋቢና ገባን፦ አያ ይሄነው በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሀል፣ ደረሰ መሪው ላይ። ቁልፉን ይዞ ቆየ። በጣም ቆየ። አፌ ላይ «በል እንጂ» የሚለው መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። በሕይወቴ ብዙ ምግብ ውጫለሁ፣ እንደዚህ የከበደኝ የለም።

አስነሳው።

አንደኛ ማርሽ። ሁለተኛ። ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም። ሰው በእግሩ ያልፈናል። ጋሪ አለፈን፣ ባለጋሪው ዞሮ በአዘኔታ አየን። ከኋላችን ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ሌላ አይሱዙ፤ ክላክሱ አገር አናወጠ። እኔ በመስታወቱ ስቆጥር አሥራ ሰባት ደረስኩ።

ያ መታጠፊያ መጣ። ጉም አልነበረም፣ ዝናቡም አባርቶ ሜዳው አደይ ብቻ ሆኗል። ግን የደረሰ ላብ በጆሮው ሥር ወረደ። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ደሬ» አልኩት። «ፍሬን ያዝ።»

ዞሮ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ያዝ። ደስ እስኪልህ ያዝ። የቸኮለ ይዝለለን።»

ፍሬን ያዘ። መኪናው በእግር እንደሚሳብ ፈረስ ቀስ ብሎ መታጠፊያውን ዞረ። ከኋላ ውርንጭላው አሽካካ። አያ ይሄነው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፣ ደረሰ ሳቀ፣ እያለቀሰ ሳቀ፣ እኔም ምን እንደተባለ ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ጋቢና ውስጥ ሆኜ እልል አልኩ። ብርማም ቀይም መኪና እንደዚያ አድርጎኝ አያውቅም። ማን ይቀድም እንደሆነ አላየሁም። እሱን ነበር የማየው።

ከተማ መግቢያው ላይ ክንዴ ከነባጃጁ ቆሞ ነበር። ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አይቶ ጣራው ላይ ወጣ። «ሴፍቲ ካር ገባ! ሰዎች፣ ሴፍቲ ካር ገባ! ማለፍ ክልክል ነው!»

«ምን ይላል ይሄ?» አሉ አያ ይሄነው።

«ያቺን መኪና ነው፣ አያ» አለ ደረሰ። «ፊት የምትመራዋን።»

አሰቡ። «ስም አልወጣላትም ነበር አይደል?» ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረሰን አዩት። «እንግዲህ አባ ቀስ ትሁን። አንተም ነህ። የፈረስ ስም እንደማይፋቅ ታውቃለህ።»

አባ ቀስ! ሃያ ሁለት ዓመት በፍጥነቱ የታወቀ ሹፌር። ክንዴ አፍ ላይ እስከ ጥር አያልቅም።

መስከረም 3 ቀን 2008፣ ሰኞ

አዲስ ዓመት በሰላም ገባ። ደብተሩም እያለቀ ነው፤ ሜላት ከጀመረችው እኔ ጨረስኩት ብዬ ልነግራት ነው።

ጠዋት ደወልኩላት። «ሐሳቦቹን ላኪያቸው፤ ሦስተኛውን ግን ሰርዢው።»

«ቀርፋፋዋ መኪና ትቅር የሚለውን? እማዬ፣ ክረምቱን ሙሉ ስትረግሚያት ከርመሽ!»

«ሰርዢው አልኩሽ። ትኑር። እንዲያውም ስም አላት፣ ስሟን ጻፊላቸው።»

«ምንድን ነው ስሟ?»

«አባትሽን ጠይቂው» ብዬ ዘጋሁት።

ደረሰ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ወጥቷል። አሥር ሰዓት እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። አያ ይሄነው ከአግዳሚው አልተነሱም፤ ውድድር የለም፣ ቴሌቪዥኑም አልተከፈተም፣ ግን ተቀምጠዋል። ዳንግላ ላይ ዝናብ ነው አሉ።

ስልኩን አነሳሁ፤ ቁጥሩንም አወጣሁ። ከዚያ ድመቷ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ደረሰ ሲደርስ ይደርሳል።